በርከት አድርገሽ ቋጥሪ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለአንባቢ

ውድ አንባቢ፣

የምጽፍልዎ ከወላይታ ሶዶ ነው። ግልጽ ደብዳቤ ሲባል ብዙውን ጊዜ ለባለሥልጣን የሚጻፍ አቤቱታ ነውና፣ ርእሱን አይተው ምን መጣ ብለው እንዳይሰጉ ከወዲሁ ልንገርዎ፤ ይዤ የመጣሁት ምስጋና ነው። በደቡቡ የሀገራችን ክፍል የሚገኙ አብያተ ክርስቲያናት፣ በተለይም በወላይታና በዙሪያዋ ያሉት፣ ባለፉት መቶ ዓመታት ገደማ ስላዩት መንፈሳዊ መነቃቃት ማመስገን እፈልጋለሁ። ችግሩ፣ ላመሰግናቸው ከሚገቡኝ ሰዎች አብዛኞቹ በሕይወት የሉም። ብዙዎቹ ፊደል ሳይቆጥሩ፣ ፎቶግራፍ ሳይነሱ፣ ስማቸው በመዝገብ ሳይሰፍር አልፈዋል። ደብዳቤ የምልክበት አድራሻ የላቸውም። ስለዚህ መንገደኛን «ለእነ እገሌ ሰላም በልልኝ» እንደምንለው ሁሉ፣ ምስጋናዬን በእርስዎ እጅ ልልክ ተነሣሁ። ምናልባትም ከእነርሱ አንዷ የእርስዎ አያት ይሆናሉ።

እኛ ዘንድ ምስጋና «ጋላታ» ይባላል። ቃሉን ኦሮሞውም ሲዳማውም ይጋራናል። ውሃ ላቀበለ ልጅ የሚባለውም፣ በጸሎት ቤት ለፈጣሪ የሚቀርበውም ከዚሁ ከአንዱ ቃል ይወጣል። በዚህ ደብዳቤ ሁለቱን እየለየሁ ካልጻፍኩ በዚህ ይረዱልኝ፤ አምላክን ሳመሰግን ያቀበሉኝን እጆች አያለሁ፣ እጆቹን ሳስብም ወደ አምላክ እመለሳለሁ።

ነገሬን ከአያቴ ልጀምር። ጣሊያን ሀገሩን ይዞ በነበረበት ዘመን አያቴ እንስራ ለመሸከም ያልደረሰች ልጅ ነበረች። ከሰፈሩ አማኞች አንዳንዶቹ ተይዘው ታስረዋል። በዚያ ዘመን እስረኛ የሚበላው ከቤት የመጣለትን ስንቅ ነው፤ ዘመድ የሌለው፣ ወይም ዘመዱ ሩቅ የሆነበት፣ ይራባል። የአያቴ እናት ማለዳ ተነሥታ ቆጮ ትጋግራለች፣ ጎመን ትቀቅላለች፣ የተገኘ ዕለትም ቅቤ ጠብ ታደርግበታለች፤ ከዚያ በኮባ ቅጠል አስጠቅልላ ልጇን ታሸክማታለች። አንድ ቀን አያቴ ጥቅሉ ከበዳትና «ለአንድ ሰው ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ብላ ጠየቀች። እናቷም፣ «በርከት አድርገሽ ቋጥሪ፤ አጠገቡ የተቀመጠ አለ» አለቻት።

አያቴ ይህን በነገረችኝ ቁጥር እዚህ ላይ ስትደርስ ዝም ትላለች። እኔ ልጅ ነበርኩና ቀጥሎ የሚመጣውን ተአምር እጠብቃለሁ፤ የወህኒው በር በሌሊት ይከፈታል፣ ዘበኞቹ ይደነግጣሉ፣ ሰንሰለቱ ይረግፋል ብዬ። ምንም አይመጣም። ተአምሩን ነግራኝ ጨርሳ እንደነበር የገባኝ ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው።

የዚያ ጥቅል ክብደት እንዲሰማዎ ጥቂት ወደኋላ ልመልስዎ። የውጭ ሚስዮናውያን ወደ አካባቢያችን ከመምጣታቸው በፊት፣ ኢሳ ላሌ የተባለ የጋሞ ሰው በደጋው በቆላው እየዞረ፣ ለመናፍስት መገበር ይቅር፣ ጦሳን፣ አንዱን ፈጣሪ ብቻ ጥሩ እያለ ያስተምር ነበር። ሕዝቡ ሲከተለው ባለሥልጣናቱ ሰጉ፤ ተይዞም ተወሰደ። የዘራው ነገር ግን በሰው ልብ ውስጥ አደረ። እንግዲህ እግዚአብሔር ወደ ወላይታ የመጣው በማንም በቅሎ ተጭኖ አይደለም፤ ቀድሞ እዚያው ነበረ፣ በራሳችን ተራራ ሰው አንደበትም ይጠራን ነበር። ይህን የምለው በኋላ የመጡትን ላሳንስ ብዬ አይደለም። ምስጋና ከሥሩ ካልተነሣ ይጎድላል ብዬ ስለማምን ነው።

በ1920 ዓ.ም. በዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚመሩ የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን ሰዎች ከአዲስ አበባ በበቅሎ ወደ ደቡብ ወረዱ። ያሰቡት ጅማን ነበር፤ መንገዱ ግን ሆሳዕናና ሶዶ ላይ አዋላቸው። ሶዶ ላይ ኦቶና በሚባለው ስፍራ ሰፈሩ፣ ሕመምተኛ ማከም ጀመሩ፣ ወላይትኛ ተማሩ። አዝመራው ግን ዘገየ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወላይታዎች የተጠመቁት አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1926 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ የጣሊያን ወረራ መጣ። ሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ሚስዮናውያኑ ወላይታን ለቀው እንዲወጡ ተደረገ። ሲሄዱ በወላይታ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ነበሩ።

አርባ ስምንት ሰው። በአንድ ሰፊ የወላይታ ሣር ቤት ውስጥ ተጠጋግቶ የሚቀመጥ ሰው ነው። በራሳቸው ቋንቋ የነበራቸው ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ብቻ ነው፤ ሙሉው መጽሐፍ በወላይትኛ የታተመው ከብዙ አሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። ደመወዝ የሚከፍላቸው የለም፣ የሚሟገትላቸው የለም፣ አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም። ከነጻነት በኋላ ሚስዮናውያኑ ተመልሰው ሲመጡ ግን የጠበቃቸው ሌላ ሀገር ነበር፤ የአማኞቹ ቁጥር ወደ 10,000 ደርሷል፣ ጸሎት ቤቶች በየቀበሌው ተሠርተዋል፣ ሽማግሌዎች ተሹመዋል፣ ወንጌላውያን ወደ ጎረቤት ሕዝቦች ተልከዋል።

ይህ እንዴት ሆነ? የታሪክ ጸሐፊዎች የሚዘረዝሩት ምክንያት አለ፤ እኔም የምስማማበት ነው። ወሬው የሄደው በራሳችን ቋንቋ፣ በራሳችን መንገድ ነው፤ በገበያ ቀን፣ በለቅሶ ቤት፣ በጋብቻ ዝምድና። እህቱን ለሩቅ ቀበሌ የዳረ ሰው ሊጠይቃት ሲሄድ ያመነውን ነገር ይዞ ይሄዳል። የሚመሩት ሽማግሌዎች ጎረቤት የሚያውቃቸው ገበሬዎች ነበሩ፤ ውሸታቸውም እውነታቸውም ከመንደር አይሰወርም። ደግሞም ሰዉ ከፍርሃት ሲወጣ በዓይን ይታይ ነበር። ልጅ በታመመ ቁጥር ወደ ጠንቋይ ደጅ ይሄድ የነበረው በግ፣ ለመናፍስት ይፈስ የነበረው ማር፣ በአረቄ ያልቅ የነበረው እህል በቤት ቀረ። ሚስት ይህን አይታ አመነች፤ የሚስትን ማመን አይቶ ደግሞ ጎረቤት አመነ።

ሁሉን የያዘው ግን፣ በእኔ እምነት፣ ስንቁ ነው። በእነዚያ ዓመታት ከታሠሩት መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነገረው ዋንዳሮ ዳባሮ ነው። በሕዝብ ፊት ተገርፏል፣ ታስሯል፣ ሲፈታም ወደ ስብከቱ ተመልሷል። ስሙን ከእኛ መካከል የማያውቀው ጥቂት ነው፤ ማወቃችንም ተገቢ ነው። ለእርሱና ለመሰሎቹ በየቀኑ ስንቅ ተሸክመው የተመላለሱትን ሴቶችና ልጆች ስም ግን ማንም አልጻፈም። የሚመጣው ምግብ ለአማኞቹ ተርፎ ለሌሎቹም እስረኞች ይደርስ ነበር። በነፍስ ግድያ የታሠረ፣ በከብት ስርቆት የታሠረ፣ ቤተሰቡ የረሳው ሰው፣ ከማያውቃት ሴት ጓዳ የወጣ ቆጮ ይበላል። «እነዚህ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» ብሎ የጠየቀው በዚያች ጉርሻ ነው። ተፈትቶ ወደ ቀዬው ሲመለስ ጥያቄውን ይዞ ሄደ፤ ብዙዎችም መልሱን አብረው ይዘው ሄዱ። መነቃቃት ስንል የመድረክ ድምፅና የተሰበሰበ ሕዝብ ቶሎ ይታየናል። የእኛው መነቃቃት ግን በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በአንዲት ልጅ ጀርባ ላይ ሆኖ፣ በጭቃ መንገድ ወደ ወህኒ ቤት ሲሄድ ነው የሚታየኝ።

ስንቁ ወህኒ ቤት ላይ አልቆመም። ከነጻነት በኋላም የወላይታ አብያተ ክርስቲያናት ወንጌላውያንን ወደ ጋሞና ጎፋ፣ ወደ ዳውሮ፣ ወደ ሲዳማና ጌዴኦ፣ ወደ ቡርጂና ኮንሶ፣ እስከ ማሌና አሪ ድረስ ላኩ። ማሄ ጮራሞን የመሰሉ ሰዎች ቋንቋው ወደማይገባቸው ሀገር በእግራቸው ተጉዘዋል፣ ወባ ጥሏቸዋል፣ በየደረሱበት ታስረዋል፣ ተነሥተውም ቀጥለዋል። ወጪው የተሸፈነው በአጥቢያዎቹ ነው። ከዓመት እስከ ዓመት ሥጋ የማይቀምስ ገበሬ ከእህሉ ቆንጥሮ፣ ሴቲቱም ከቅቤዋ ቀንሳ ነው የላኩት። ወንጌላዊው በሄደባቸው ዓመታት እንሰቱን ብቻዋን የኮተኮተች ሚስቱ፣ ልጆቹንም ያሳደገች፣ እርሷም የተላከች ነበረች። ጋላታዬ ይድረሳት።

በጸሎት ቤቶቹም ፊደል ተቆጠረ። ሌላ ትምህርት ቤት ባልነበረበት ቀበሌ፣ በጭቃ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ገበታ ሀሁ የጀመረ ልጅ ዛሬ ሐኪም ነው፣ መሐንዲስ ነው፣ ይህንንም ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ሰው ነው።

የደርግን ዘመን በዓይኔ አይቻለሁ። በ1970ዎቹ በአካባቢያችን ጸሎት ቤቶች እየተዘጉ መጋዘንና መሰብሰቢያ ሆኑ። የእኛም ተዘጋ። ማታ ማታ እናቴ መስኮቱን በጋቢ ትሸፍናለች፣ ፋኖሱን ታሳንሳለች፣ ሰባት ስምንት ሰው አንድ በአንድ ይገባል። መዝሙር የሚዘመረው በሹክሹክታ ነበር። በወላይታ ዜማ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል፤ በእርሻም በቤት ሥራም እንዲሁ ነው። በሹክሹክታ መቀበል ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚያውቀው የሞከረው ነው። ልጅ ሆኜ ከበሩ አጠገብ እንድቀመጥና ኮቴ ከሰማሁ እንዳስል ታዝዤ ነበር። እስከ ዛሬ በጸሎት መካከል ሳል ስሰማ ልቤ ይደነግጣል።

በዚያው ዘመን ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ እምነቱን አልክድም ብሎ ሰባት ዓመት ታሰረ። መዝሙሮቹ በካሴት እየተገለበጡ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዱ ነበር። ካሴቱ ከብዙ መገልበጥ የተነሣ ድምፁ እንደ ንፋስ ሆኖ ይሰማን ነበር፤ ግን ይሰማን ነበር። በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በኩልም ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገደሉ። የእርሳቸው አገልግሎት መነሻ ወለጋ ቢሆንም እኛም እንደ ቅርብ ዘመድ እናለቅስላቸዋለን። በ1983 ዓ.ም. በሮቹ ሲከፈቱ ከየቤቱ የወጣው ሕዝብ ጸሎት ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት ይገባበት ከነበረው ይበልጥ ነበር። በሹክሹክታ የተቀበሉት ልጆች አድገው በሙሉ ድምፃቸው ዘመሩ።

ውድ አንባቢ፣ እስካሁን የተናገርኩት ስለ ወንጌል አማኞች ነው፤ ያደግሁት በዚያ ቤት ስለሆነ። ምስጋናዬ እዚያ ቢያበቃ ግን የአያቴን እናት ትእዛዝ እጥሳለሁ፤ አጠገባችን የተቀመጠ አለና።

በወላይታ የክርስትና ትዝታ ከመቶ ዓመት ብዙ የራቀ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት አቡነ ተክለ ሃይማኖት በንጉሥ ሞቶሎሚ ዘመን በዳሞት አስተምረዋል፤ በምድራችንም በስማቸው የሚጠራው ደብረ መንክራት እስከ ዛሬ ምእመናንን ይሰበስባል። በጋሞ ደጋም የብርብር ማርያም በሀገሬው ዘንድ እንደ ጥንታዊ ቅርስ የምትከበር ናት። ደግሞ በ1983 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ተጠርተው ብላቴ የጦር ማሠልጠኛ የገቡ ወጣቶች፣ ነገ ምን እንደሚሆኑ በማያውቁበት ሰዓት፣ በአንድነት መጸለይ ጀመሩ። ከዚያ ጸሎትም ጭምር ተነሥቶ በቀጣዩ ዓመት ማኅበረ ቅዱሳን ተመሠረተ። ብላቴ ጎረቤታችን ነው፤ ወንዙን እናውቀዋለን። በዚያ ሜዳ ላይ በጭንቅ ሰዓት ወደ አምላኩ የጮኸን ወጣት፣ በተሸፈነ መስኮት ሥር በሹክሹክታ ያደግሁ እኔ እንዴት አልረዳውም? በየሰንበት ትምህርት ቤቱ በነጭ ነጠላ ተሰልፈው የሚዘምሩትን ልጆች ባየሁ ቁጥር ጋላታ እላለሁ።

የካቶሊክ ወገኖቻችንም በወላይታና በከምባታ ረጅም ታሪክ አላቸው። በዱቦ ቅድስት ማርያም ሆስፒታል ያልታከመ ወይም የታከመ ዘመድ የሌለው የወላይታ ቤተሰብ ለማግኘት ብዙ መፈለግ ያስፈልጋል። ምጥ የያዛት ሴት አልጋው ላይ ስትወጣ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን አባል ነሽ ተብላ አትጠየቅም። ይህም ስንቅ ነው።

በመካከላችን ያለፈውን ቁስል አልሸሽግም። በአንዱ ዘመን አንዱ ገፊ፣ ሌላው ተገፊ ነበር፤ በሌላው ዘመን ቦታ ተለዋወጥን። ጎረቤት ለጎረቤት መቃብር የነሳበት ጊዜ ነበር፤ ልጅ ሃይማኖት ቀየረ ተብሎ ከቤት የተባረረበት ጊዜ ነበር። እነዚህን ታሪኮች ከሁሉም ወገን ሰምቻለሁ። የሚያስደንቀኝ፣ በዚያው ሁሉ መካከል ለሌላው ወገን ስንቅ የቋጠሩ ሰዎች መኖራቸው ነው። ጸሎት ቤታችን በተዘጋበት ዓመት መጽሐፍ ቅዱሳችንን ከእህል ጎተራዋ ሥር የደበቀችልን ጎረቤታችን ማርያምን የምትዘክር ሴት ነበረች። እናቴ ልታመሰግናት ስትሄድ ቡና አፍልታ አስቀመጠቻት እንጂ ነገሩን አላነሣችውም።

አሁን ወደሚከብደኝ ክፍል ደረስኩ።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በቀድሞው ደቡብ ክልል ፕሮቴስታንት መሆኑን የተናገረው ሕዝብ 55.5 በመቶ ነበር። የአርባ ስምንቱ ልጆች ብዙኃን ሆንን። ሕንፃ አለን፣ ኮሌጅ አለን፣ ድምፅ ማጉያ አለን፣ የእሑድ ልብስ አለን። ለዚህም አመሰግናለሁ፤ አያቶቻችን እንድንራብላቸው አልተራቡም። ብዙ መሆን ግን የራሱ ፈተና አለው። የታሠረ ሰው አጠገቡ የተቀመጠውን ያየዋል፤ ክፍሉ ጠባብ ነውና። በሰፊ አዳራሽ ውስጥ ግን አጠገብ የተቀመጠን ሰው ሳያዩ ዓመታት ማሳለፍ ይቻላል።

እኔ አሳልፌአለሁ። የዛሬ ጥቂት ዓመት የነበርኩበት አጥቢያ ለሁለት ተከፈለ። ምክንያቱ አመራር ነበር፣ ገንዘብ ነበር፣ ከሁሉም በላይ ቂም ነበር። እኔም ከአንዱ ወገን ሆኜ ቃል ተወራውሬአለሁ። በዚያ ወራት የአክስቴ ልጅ ታሞ ሆስፒታል ተኛ፤ ምሳ ማድረስ የእኔ ፈንታ ሆነ። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ የተኛው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ የዘመረ፣ በክፍፍሉ ግን ከወዲያኛው ወገን የሆነ ወንድም ነበር። ሦስት ቀን ምሳ ዕቃዬን ይዤ በአጠገቡ አለፍኩ። በአንገቴ ሰላም እለዋለሁ፣ እርሱም በአንገቱ ይመልሳል፤ ከዚያ ጀርባዬን ሰጥቼው ዘመዴን አጎርሳለሁ። በሦስተኛው ቀን ልትጠይቅ የመጣችው አክስቴ ምሳ ዕቃውን ከፍታ አየችና በወላይትኛ ቀስ ብላ፣ «አጠገቡ የተኛውስ?» አለችኝ።

አክስቴ የአያቴ ልጅ ናት። ያችን ጥያቄ ከየት እንደወረሰቻት አውቃለሁ፤ እኔም ወርሻት ነበር፤ ግን አልጋው ላይ የተኛውን የመዝሙር ጓደኛዬን ማየት አቅቶኝ ነበር። ስለ አርባ ስምንቱ በየመድረኩ ተናግሬአለሁ፣ ስለ ስንቁም ጽፌአለሁ። አርባ ስምንቱ የማያውቁትን ወንበዴ መግበዋል፤ እኔ የማውቀውን ወንድም ሦስት ቀን ዘለልኩ።

በማግሥቱ ሁለት ምሳ ዕቃ ይዤ ሄድኩ። ሁለተኛውን ከአልጋው አጠገብ ሳስቀምጥ ምን እንደምለው አልጨነቀኝም፤ ምንም ማለት አልቻልኩምና። እርሱ ከፈተው፣ አየው፣ ቆርሶም መጀመሪያ እኔን አጎረሰኝ። ሁለታችንም አለቀስን። አጥቢያው እስከ ዛሬ እንደተከፈለ ነው፤ ተአምር ሠራሁ ብዬ አልዋሽዎትም። እኛ ሁለታችን ግን ሐሙስ ሐሙስ አብረን እንጸልያለን። አሁን ስድስት ሆነናል፤ ሦስት ከወዲህ፣ ሦስት ከወዲያ።

በባህላችን የጊፋታ በዓል ሲቃረብ የተጣላ ይታረቃል፤ ቂም ይዞ አዲሱን ዓመት መሻገር ነውር ነው። ወንዱ ለሰንጋ ዓመቱን ሙሉ ይቆጥባል፣ ሴቲቱ ቅቤዋን ታጠራቅማለች፤ ቂም የያዘ ግን ያን ሁሉ አጠራቅሞ ደስታውን አያገኘውም። አባቶቻችን ወንጌልን ሲሰሙ ይህን ያውቁ ነበርና ቶሎ ገባቸው። እኛ ግን ቂማችንን የእምነት ጥብቅና አስመስለን ከዓመት ወደ ዓመት ማሻገር ተምረናል። ይህ የወረስነው አይደለም። ከእኛ የጀመረ ስለሆነ በእኛ ሊያበቃ ይገባል።

ስለዚህ፣ ውድ አንባቢ፣ ምስጋናዬን በእርስዎ እጅ ስልክ አደራ ጭምር ነው የማሸክምዎ። በቤትዎ አዛውንት ካሉ ዛሬ አጠገባቸው ይቀመጡ። ስልክዎን ከፍተው ድምፃቸውን ይቅረጹ፤ በወህኒው ዘመን ማን ስንቅ አመላለሰ፣ በተዘጋው ዘመን ማን ቤቱን ከፈተ፣ ማን መጽሐፍ ደበቀ ብለው ይጠይቁ። ስሞቹን ይጻፉ፤ የእናቶቹን ስም በተለይ። በየዓመቱ በየቀብሩ የምናወርደው ሰው ብቻ አይደለም፤ ያልተጻፈ መጽሐፍም አብሮ ይወርዳል። አያቴ ስትሞት ልጠይቃት አስቤ ያልጠየቅኋት ነገር እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል፤ ጥቅሉን ተሸክማ የሄደችለት እስረኛ ማን እንደነበረ እንኳ አላወቅሁም።

በሶዶም ሆነ በሐዋሳ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በዲያስፖራ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ሰው ይፈልጉ፤ ከእርስዎ አጥቢያ ያልሆነ፣ ቢቻል ከእርስዎ ቤተ ክርስቲያን ያልሆነ፣ ከተቻለም ቅር ያሰኘዎ። የታመመ ከሆነ ሾርባ ይውሰዱለት። የታሠረ ከሆነ ይጠይቁት። ሐዘን ላይ ከሆነ ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ይቀመጡ። ስለ እምነትዎ ማስረዳት ያለብዎ አይምሰልዎ፤ ምግቡ ራሱ ይናገራል፣ በእኛ ሀገር ሲናገር ኖሯል።

ለጦሳ ጋላታ ይሁን። በተራራው ላይ ለጮኸው ለኢሳ ላሌ፣ በበቅሎ መጥተው ቋንቋችንን ለተማሩትና በዕንባ ለሄዱት፣ ለቀሩት አርባ ስምንቱ፣ ለተገረፉት፣ በእግራቸው ለተጓዙት፣ እንሰት ለኮተኮቱት፣ በሹክሹክታ ለዘመሩት፣ በብላቴ ሜዳ ለጸለዩት፣ በዱቦ እናቶችን ላዋለዱት፣ መጽሐፋችንን ከጎተራዋ ሥር ለደበቀችው ጎረቤታችን፣ ለሁላቸውም ጋላታ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍበት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ምሳ ዕቃ ተቀምጧል። ዛሬ ሐሙስ ነው። ልጄ ከጓዳ ሆና «ለስንት ሰው ልቋጥር?» ብላ ትጠይቀኛለች። ስድስት እንደሆንን ታውቃለች። ሰባተኛ ሰው ይምጣ አይምጣ እኔም አላውቅም፤ የምመልስላትን ግን አውቃለሁ።

በርከት አድርገሽ ቋጥሪ፣ ልጄ።

አክባሪዎ፣
የስንቅ አመላላሽ የልጅ ልጅ
ወላይታ ሶዶ